ከገደሉ ማዶ የመጣ እልልታ

ዘቢደር ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገፋ አድርጋ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች። ማዶ የተዳረች ልጇን ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏል። ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ የለም። ክረምት ከገባ የዚህ ጋራ ሰው ውሃ እንደከበበው ደሴት ነው፤ የተወለደውንም የሞተውንም የሚሰማው ከማዶ ሲጮኹለት ነው። ጎረቤቷ ይስማው ሞባይሉን ወደ ደመናው ዘርግቶ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ፣ እትዬ» አላት።

«ኪስህ ክተተው። የኔ ጆሮ ባትሪ አይጨርስም።»

ያን ጊዜ እልልታው ጭጋጉን ሰንጥቆ መጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ የወንዙ ጉምጉምታ ብቻ ቀረ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት መሆኑን የማያውቅ በዚያ አገር የለም።

«እሰይ፣ ማርያም ማረቻት» አለ ይስማው። ቀጥሎ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴት ናት እንግዲህ። ግድ የለም፣ ወንዱም ይመጣል።»

«ስንት ሰማህ አንተ?»

«ሦስት ነዋ።»

«የቀረውን ገደሉ በልቶት ነው።»

እጇን አፏ ዳር አድርጋ፣ ደረቷ እስኪቃጠል አራቱን ራሷ ሞላችው። አጠገቧ ይግጡ የነበሩ በሬዎች ቀና አሉ። ማዶም ጸጥ አለ፤ ሰዎቹ የሰሙትን የሚቆጥሩ ይመስል ነበር። ቆይቶ የሴቶቹ እልልታ ከመጀመሪያው እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን ሦስት ላይ አልቆመም።