ብረቱ

የበረኛው ሚስት የተጫዋቾቹን መልበሻ ክፍል በር ገፋ አድርጋ እጇን ብቻ አስገባች። መዳፏ ላይ የደም ግፊት ክኒኑ እሽግ ነበር። "ጠዋት ሳትውጠው ወጣህኮ!" አለችው። ካልሲያቸውን ይስቡ የነበሩት ተጫዋቾች ሁሉ ቀና አሉ። "ብረቱ" የሚሉት አንጋፋው በረኛ ደሙ ፈላ። እሽጉን ከእጇ መንጭቆ፣ "ማን አምጪልኝ አለሽ? ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?" ብሎ አምባረቀባት። እጇን ሰብስባ ሄደች።

"ጉድ ነው! ብረቱ ዛገ እንዴ?" አለ ተከላካዩ ጭኑን እየመታ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በረኛው ጥርሱን ነክሶ እሽጉን ጓንቱ ውስጥ ወሸቀው።

ሌሎቹ እየተጋፉ ወደ ሜዳ ሲወጡ ተከላካዩ ጫማውን የሚያስር መስሎ ወደ ኋላ ቀረ። በሩን ገልመጥ አድርጎ፣ እንዳጎነበሰ መዳፉን ዘረጋ።

"እባክህ አንድ ጣል አድርግልኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የእኔ አልቋል። ግፊት እንዳለብኝ ለሚስቴም አልነገርኳት።"

በረኛው አንድ ክኒን ፈልቅቆ፣ በጥፊ የመታው ያህል መዳፉ ላይ አሳረፈለት።

"ያንተን ሳቅ ፈርቼ ነውኮ ሚስቴን ያዋረድኳት!"