በሽመሉ ጫፍ ላይ

አየሁሽ የአንገረብ አልጋውን ጎትታ በሩ ላይ ታስደግፈዋለች። በመስኮቱ ስንጥቅ ደግማ ታያለች። ሰዎቹ አንድ በአንድ ከማሽላው ውስጥ እየወጡ ነው። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ሁሉም ማጭድ ይዘዋል፤ ሁሉም ወደዚህ ቤት ያያሉ።

«እማ፣ አባ መጣ?» ትላለች የአምስት ዓመት ልጇ ሠላማዊት።

«ዝም በይ የኔ ልጅ። ነይ፣ ከኋላዬ ቁጭ በይ።»

ስልኳን ታያለች። አልተደወለም። ባሏ ደምለው ጎህ ሲቀድ ሰሊጥ በጫነ መኪና ወደ ጎንደር ሲነሣ፣ «አይከል እንደገባሁ እደውላለሁ። እስከ ቀትር ካልደወልሁ...» ብሎ የቀረውን ዋጠው። አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የጎረቤታቸውን ልጅ ገብረማርያምን ባለፈው ወር ከዚያው መንገድ ላይ፣ አጋቾች ከመኪና አውርደው ወስደውታል። እስከ ዛሬ የበላው ጅብ አልጮኸም።

ቀድሞ እዚህ ቤት ስልክ አይሠራም ነበር። ደምለው ከተማ ተመላልሶ መስመር ቢለምን፣ «ከጣቢያው ሩቅ ናችሁ፣ ሽቦው እናንተ ጋ አይደርስም» ነው ያሉት። እሱ ደግሞ እንቢ ካለ እንቢ ነው። የዋይፋይ ሳጥን ገዝቶ መጣ። ሳጥኑ መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ድዳ ሆነ፤ የማሽላ መጠበቂያው ማማ ላይ ሲያወጡት ትንሽ ተንተባተበ። በመጨረሻ ረዥም ሽመል ቆርጦ ሳጥኑን ከጫፉ አሰረና ከደጃፉ ተከለው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ከአጥሩ ውስጥ ያወራል። ከአጥሩ ከወጡ ግን ጭጭ ነው።

አየሁሽ የማትሮጠውም ለዚህ ነው። በጓሮ በኩል ልጇን አዝላ ማሽላው ውስጥ ብትገባ ማንም አያገኛትም። ግን ደምለው ሲደውል ማን ያነሣለታል?

«ቤቶች!» ይላል አንድ ድምፅ ከደጅ። «እንደምን ዋላችሁ!»

የልጇን አፍ በመዳፏ ትሸፍናለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቷ።

«ሰው የለም መሰል።»

«ሌላ ሳይቀድመነ ቶሎ አውርደው።»

ስልኩ እጇ ላይ ይጮኻል። አነሣችው።

«አየሁሽ፣ ስሚኝ» ይላል ደምለው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «መንገዱ ላይ...»

ከውጭ ሽመሉ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ስልኩ ዝም ይላል።

አልጋውን እንዴት እንደገፈተረችው አታውቅም፤ ብቻ ደጅ ወጥታለች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ የባሰ ፍርሃት መጥቶ ገፋው እንጂ።

«ምን በደልኋችሁ? ባሌን እያነጋገርሁት ነበር!»

ሰዎቹ ወደ ኋላ ይላሉ። አለቃቸው፣ ሸጋው የሚሉት ጎልማሳ፣ ከሳጥኑ ላይ የፈታውን ነጭ ከረጢት እንደያዘ ደንግጦ ይቆማል።

«ይቅር ይበሉነ እትዬ። አጫጆች ነነ፣ ከጎጃም። ነጩን ከመንገድ አይተነ ነው የመጣነ።»

አየሁሽ ከረጢቱን ታያለች። በዚህ ቆላ ሰሊጡ የደረሰለት ገበሬ ሠራተኛ ሲፈልግ በሽመል ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። ቀድሞ የደረሰ ቡድን ጨርቁን ያወርደዋል፤ ሥራው ተያዘ ማለት ነው። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት ግን ደመና ብታይ ዝናብ እንዳይመታው ብላ ሳጥኑን በነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለችው። ሐሳቧ ሁሉ መንገዱ ላይ ነበር። ራሷ ጠርታቸው ራሷ በር ዘጋችባቸው።

«የኛ ሰሊጥ ታጭዶ አልቋል» ትላለች። «ይኸ ስልክ የሚያመጣ ሳጥን ነው። ባሌ መንገድ ላይ ነው። ከአይከል ወዲህ...»

አልጨረሰችውም። እነሱም በዚያው መንገድ ነው የመጡት።

«የኔም ታናሽ ወንድም፣ አንዱአምላክ፣ በዛሬው መኪና ከአገር ልጆች ጋር እየወረደ ነው» ይላል ሸጋው ቀስ ብሎ። ወደ ሰዎቹ ይዞራል። «በሉ፣ እናንሣው።»

ሽመሉ ከሥሩ ስለተሰነጠቀ ብቻውን አይቆምም። አሥራ ስምንቱም ማጭዳቸውን አንድ ቦታ ከመሩና ሽመሉን አንሥተው፣ ገሚሱ በእጁ፣ ገሚሱ በትከሻው ደግፎ ያዘው። ሁሉም ቀና ብለው ሳጥኑን ያያሉ።

ስልኩ ይጮኻል።

«ደኅና ነኝ» ይላል ደምለው። «አይከል ገብቻለሁ። እኛን ዝም ብለውናል። ወደ ቆላ የሚወርደውን መኪና ነው ያስቆሙት፣ ከጎጃም አጫጅ የጫነውን። ሁሉንም አውርደው ወደ ጫካ ሲነዷቸው በዓይኔ አይቻለሁ። አየሁሽ? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ» ትላለች። እሱም ሹፌሩ እየጠራው ነውና ይዘጋዋል።

«ደኅና ናቸው?» ይላል ሸጋው።

ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። የሰዎቹ ፊት ሁሉ ይፈታል። አንዱ ተመስገን ይላል፤ ሌላው ይስቃል።

«ይጨርሱ እትዬ፣ አይቸኩሉ። እኛ አልደከመነም» ይላል ሸጋው፣ ትከሻውን ከሽመሉ ሥር እያመቻቸ። «ሲጨርሱ ለአንዱአምላክም አንዴ ይደውሉልኛል።»

ስልኩ ከተዘጋ ቆይቷል። አየሁሽ ግን ከጆሮዋ አታወርደውም።