የአባ ልቅሶ

መምህር ክንፈሚካኤል ከአስመራ ያስመጣትን ሞተር ሳይክል ፍኖተ ሰላም ግቢው ውስጥ ሲወለውል ዋለ። ነገ ሚስቱን ወለተ ሐናን ከኋላ አፈናጦ የዓባይን በረሃ ሊያሳያት ነው። እሷም ቤት ውስጥ እያንጎራጎረች ስንቅ ትቋጥራለች።

የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሥላሴ ከቡሬ ሲመለሱ ጎራ አሉና ትከሻውን ይዘው፣ «እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አሉት።

«ማን ሞቶ፣ አባ?» አለ ደንግጦ።

«ወለተ ሐና ነቻ! ምነው በዚያ ቁልቁለት በሞተር ባልወሰድካት!»

«ኧረ አባ፣ የምንሄደው ገና ነገ ነው! እሷም ይኸው ቤት ናት።»

ወለተ ሐና ድምፃቸውን ሰምታ እየሳቀች ወጣች። መስቀል ልትሳለም ፊታቸው ጎንበስ ብላ፣ «ይፍቱኝ፣ አባ» አለች።

አባ በላይዋ አሻግረው ክንፈሚካኤልን እያዩ እንባቸውን ጠረጉ።

«ደግ ሴት ነበረች» አሉ።