በግፊ የተነሳች ፒክአፕ

"እትዬ፣ ሞተሩን ያጥፉት፤ የሻንሲ ቁጥር ልይ" አለ የበረሃው የድንበር ኬላ ፖሊስ። እናትና ልጅ ተያዩ። ፒክአፗ አንዴ ከጠፋች ካልተገፋች አትነሳም። ኬላው ሊዘጋ ነው፤ ከገመዱ ማዶ ደግሞ ዓመት ሙሉ ያላዩት አባት እጁን ያውለበልባል። እናት ከንፈሯን ነክሳ አጠፋችው።

ፖሊሱ ቁጥሩን አይቶ ገመዱን አወረደላቸው። እናት ቁልፉን ብታዞር መኪናዋ አስነጠሰችና ዝም አለች። ልጅቷ ዘላ ወርዳ ከኋላ ተጠጋችና "ጋሼ፣ ቆመው ከሚያዩን ትንሽ ቢገፉልን ምን ይልዎታል?" አለችው። ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ጎን ለጎን ሆነው ገፉ። ገመዱን አለፍ እንዳሉ መኪናዋ ተንደቅድቃ ተነሳችና ጥላቸው ፈረጠጠች። እናት በመስኮት "ካቆምኩ ትጠፋብኛለች፣ ሩጪ አንቺ!" አለች። ልጅቷ ወደ አባቷ እየበረረች ዞር ብላ አየች። ፖሊሱ ሰው አገር ቆሞ ያለከልካል።

"ጋሼ" አለችው፣ "ፓስፖርትዎን ይዘዋል?"