ልደውል ወይስ ልጠብቅ

ሁለተኛውን ዲስክ አውጥቼ ሦስተኛውን አስገባለሁ። ማሽኑ እንደ አሮጌ ወፍጮ ያጉረመርማል። ጋሼ ገብረሥላሴ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ።

የመጀመሪያው የመጻጻፊያ ፕሮግራም አልሆነም። ፊደሎቹ እንደ ጤፍ የደቀቁ ናቸው፤ ጋሼ ዓይናቸውን አጥብበው አዩትና ፊታቸውን መለሱ። የሁለተኛው ፊደል ጥሩ ነበር፤ ግን ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ይፈልጋል። የጋሼ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ሲይዙት ሌላው ያመልጣቸዋል። ደጋግመው ሲሞክሩ ማየት ስላልቻልኩ ዲስኩን ራሴ አወጣሁት።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ድምፅ የላቸውም። በስልክ ልጻፍ ሲሉ ጣታቸው የፈለጉትን ፊደል ትቶ ጎረቤቱን ይነካል። ላፕቶፕ ሰጥቻቸው ነበር፤ ቁልፎቹ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ያው ሆነ። በእስክሪብቶ የጻፉትን ደግሞ እሳቸውም መልሰው አያነቡትም። ስለዚህ ዝም አሉ። እኔን ሲፈልጉኝ ጠረጴዛውን በመፍቻ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ሌላውን ሰው አይፈልጉም። ባለፈው ሳምንት ግን የጥገና ሱቃችን መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣውን ይህን ኮምፒውተር በጣታቸው አሳዩኝ። ቁልፎቹ ወፍራምና ጥልቅ ናቸው፤ ጣት ያርፍባቸዋል።

እኔ ሳልወለድ፣ እሳቸውና ከተማው ማዶ ፎርድስበርግ የሚኖሩት ጓደኛቸው አቶ አብዱልሀፊዝ አንድ ዓይነት ማሽን ገዝተው በስልክ መስመር ይጻጻፉ ነበር፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እያደረጉ። ዛሬ መስመሩ የለም። ሱቃችን ባለበት በጀፕስታውን ሰፈር የስልኩ ሽቦ ከተሰረቀ ቆይቷል። ከማሽኑ ጀርባ የሰካኋት የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ ግን ሞደም ሆና በዋይፋይ ታገናኘዋለች። ለአቶ አብዱልሀፊዝም አንዷን ልኬላቸዋለሁ። «ማሽኔ በርቷል፣ ተቀምጫለሁ» የሚል መልእክታቸው ስልኬ ላይ ገብቷል።

ሦስተኛው ፕሮግራም ይከፈታል። ሰማያዊ ስክሪን፣ ትልልቅ ነጭ ፊደሎች፣ ለአንድ ነገር አንድ ቁልፍ። ይሄ ይሁን ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ።

ፕሮግራሙ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልደውል ወይስ ልጠብቅ? ጋሼ ሳያመነቱ «ልጠብቅ» የሚለውን ይጫናሉ።

እንጠብቃለን።

በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል አንዲት ሴትዮ «ማይ ፍሬንድ» ብላ ትጠራኛለች። ቻርጀር ፈልጋ ነው። ትንሽ እንድትታገሰኝ እለምናታለሁ። እዚህ አገር ስሜ ይኸው ነው፤ ካትሌሆንግ በስፓዛ፣ በትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ስሸጥም ይኸው ነበር። በስሜ የሚጠሩኝ ጋሼ ብቻ ነበሩ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራ ሆኜ ሳለ ተቀበሉኝ። ካጠገባቸው አስቀምጠው የስልክ ብየዳ አስተማሩኝ። የሰው ስልክ ሳቃጥል እንኳ ደንበኛ ፊት አላሳፈሩኝም፤ «ምሕረቱ፣ ቀስ» ነበር የሚሉት። ይህን ሁሉ በምን እመልሳለሁ? ዛሬ የምፈልገው ይህ ማሽን እንዲናገርላቸው ብቻ ነው።

ስክሪኑ ባዶ ነው። ገመዱን እነካካለሁ፤ ደህና ነው። ዋይፋዩም አለ። እንግዲህ ፕሮግራሙን የመረጥኩት ተሳስቼ ነው እላለሁ በልቤ። አራተኛ ዲስክ የለንም። የጋሼ ትከሻ ቀስ እያለ ይወርዳል። እጃቸው ወደ ማጥፊያው ይሄዳል።

ያን እጅ ሳይ፣ ጋሼ ሳይታመሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እንበላበት የነበረው የፎርድስበርግ ምግብ ቤት በር ትዝ ይለኛል። ጋሼና አቶ አብዱልሀፊዝ እዚያ በር ላይ ሲደርሱ ይቆሙ ነበር። አንዱ ቅደም ይላል፤ ሌላው በአላህ አንተ ግባ ይላል፤ ሥላሴን አልገባም ይባላል። ከኋላ ሰው ይሰለፋል። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት ወጥቶ ሁለቱንም በአንድ ላይ እየገፋ አስገብቷቸዋል። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበርኩ።

«ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ «አቶ አብዱልሀፊዝም ‹ልጠብቅ› ብለው ነው። አሁንም በሩ ላይ ናችሁ።»

ዞር ብለው ያዩኛል። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የታመሙ መስሎኝ ልደግፋቸው ስል ፊታቸውን አያለሁ፤ እየሳቁ ነው፣ ያለ ድምፅ። እጃቸውን ከማጥፊያው ያነሳሉ። ግን አሁንም «ልደውል»ን አይጫኑም። መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ ቁልፎቹ ያሳዩኛል። ልክ እንደ በሩ፤ አንተ ቅደም ነው።

ማንንም ቀድሜ ገብቼ አላውቅም። እጫነዋለሁ።

የትንሿ ዕቃ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ ነጮቹ ፊደሎች አንድ በአንድ ይመጣሉ።

«ገባህ በመጨረሻ? እግሬ ደነዘዘ እኮ።»

ጋሼ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ያሳርፋሉ። ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፉ ግን ይጠብቀዋል። የሰው ደብዳቤ ላለማንበብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ከዚያም ይነበባል።

«እኔ አይደለሁም። ያስገባን ምሕረቱ ነው።»

ሴትዮዋ ከፍርግርጉ ውጭ እንደገና «ማይ ፍሬንድ» ትላለች። እሰማታለሁ። ስሜ ግን ሰማያዊው ላይ በርቶ ቆሟል፤ ወዲያው አልዞርም።