እህቴ የፈራችው ሰው

ለአራስ እህቴ ገንፎ ይዤ ስደርስ በሩ ቀይ አበራብኝ።

ይህን በር ያስገጠምኩላት እኔው ነኝ፤ ባሏ ደግፌ ጥርሷን የሰበራት ሰሞን። የፈራ ሰው የሚፈራውን በስሙ ጠርቶ ለበሩ ከነገረ፣ ያ ሰው ሲቀርብ በሩ ቀይ ያበራል፣ ደፉን ሲረግጥ ተኩሶ ይገድለዋል፤ ማንም አይጠየቅም። ሕጉ ሲወጣ እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ። ውባለም ያን ቀን እያለቀሰች የባሏን ስም መጥራት ሲያቅታት፣ እጇን ይዤ "ድምፅሽን አጥሪ፤ ከተንቀጠቀጥሽ በሩ ተገድዳ ነው ብሎ አይቀበልሽም" አልኳት።

"ውቤ! እኔ ነኝ፣ ትርሲት! በርሽ ተበላሽቷል መሰለኝ።"

በበሩ ፍርግርግ አጮልቄ ሳይ ደረጃው ላይ ተረከዙ የተረገጠ የወንድ ጫማ ተቀምጧል። ጫማውን አውቀዋለሁ።

"ገንፎውን እዚያው አስቀምጪና ሂጂ" አለኝ ደግፌ ከውስጥ። "ልጄን ቀሰቀስሽብኝ።"

"አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ? ስምህን ከበሩ እንድታነሳ እህቴን ምን አድርገህ ነው ያስገደድካት?" ብዬ ወደ ደፉ ተጠጋሁ።

የመለሰልኝ በሩ ነበር። ሕጉ እንደሚያዘው፣ ከመተኮሱ በፊት ስም የጠራውን ሰው ድምፅ ማሰማት አለበት።

"እህቴን ትርሲትን እፈራታለሁ" አለች ውባለም።

እግሬን መለስኩ። ድምጿ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ልክ እንዳስተማርኳት ጥርት ያለ ነበር።