የታሪኩ ጉበት

ታሪኩ ሰካራም ነው። ይህን ለመናገር ምስክር አያስፈልግም፤ ዘመሮ ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ከቦይ ውስጥ ጎትቶት ያውቃል። ባል አልሆነ፣ ገበሬ አልሆነ። እናቱ ስትቀበር እንኳ ጉድጓዱ አፍ ላይ የተንገዳገደ ጉድ ነው።

ታላቅ ወንድሙ አፈወርቅ ግን ሰው ነው። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ቦርጩ ራሱ ያስከብራል። አረቄ ቤት ደጃፍ አይረግጥም። ጠዋት ለብርዱ የሚላትን፣ ማታ ደግሞ ለሆዱ የሚላትን እቤቱ ይቀምሳል እንጂ መጠጥ የሚባል ነገር አያውቅም።

ታሪኩ ገበያ መሐል አስመልሶ በወደቀ ማግስት፣ አፈወርቅ እየተጸየፈ በሚኒባስ ሐኪም ቤት ወሰደው። ደም እንዲሰጥ ስሙ ሲጠራ ታሪኩ መርፌ ፈርቶ አንገራገረ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። አፈወርቅ በአፍረት ወረቀቱን ነጠቀውና፣ ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ አንድ ደም ይዘን እንዲህ ታዋርደኛለህ፤ መርፌ እንደማይገድል ላሳይህ፣ ተከተለኝ እያለ ቀድሞት ገባ። የደሙ ነገር ሲያልቅ ታሪኩ ከግቢው ማዶ ወዳለችው አረቄ ቤት ሾለከ። አፈወርቅ ክንዱን እያሻሸ ውጤት ጠበቀ።

ዶክተር ቤተል አፈወርቅን ለብቻው ጠራችው። የወንድምህ ጉበት በመጠጥ አልቋል አለችው። የደሙ ቢጫነት፣ የመርጋት አቅሙና ኩላሊቱ አንድ ላይ ሲሰሉ፣ ሦስት ወር የመቆየት ዕድሉ ትንሽ ነው። ዛሬውኑ ተኝቶ መድኃኒት ቢጀምርና ጠብታ ባይቀምስ ግን በሳምንቱ ደሙን ዳግም አይታ ተስፋ መኖር አለመኖሩን ታውቃለች። የቀረችው አንድ አልጋ ናት፤ እሷንም ሌላ በሽተኛ እየጠበቃት ነው።

አፈወርቅ አልደነገጠም። እንዲያውም ደስ አለው፤ የዕድሜ ልክ ምክሩን ማሽን መሰከረለት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው ነገሩ። በሰካራም ላይ መድኃኒት ማባከን ኃጢአት ነው ብሎ አስረዳት።

«አልጋውን ለሰው ስጡት፣ ልጄ» አለ።

ዶክተሯ ለመነችው። እሱ ወይ ፍንክች። አልጋው ለሌላው ተሰጠ፣ ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪናም ሰዓቱ አልፎ ነበር።

ታሪኩ አፉን እየጠረገ ገባ። ዶክተሯ አስቀምጣ ደሙ ምን እንዳሳየ ቀስ ብላ ነገረችው። እሱም ሰምቶ ሰምቶ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«እኔማ መርፌውን ፈርቼ ከበሩ ተመለስኩ» አለ። «ደሙን የሰጠው ጋሼ ነው።»